ለእንግዶቹ የተበደርኩት ውኃ

ከዶካ ወዲያ፣ ጓንግ ዳር
ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይህች ወረቀት ከጓንግ ታችኛው ዳር ተነስታ፣ በጓንግ ላይኛው ዳር ለምትኖረው ለወንድሜ ለይርዳው ልጅ ለኮከብ እጅ ትግባልኝ። ልጄ ኮከብ፣ እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ፣ ከብቱስ እንደምን ከረመ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ።

እንግዲህ ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ። እዚህ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን ሊያቅፈኝ ስለሚቃጣው፣ ገና የምችለውን ልንገርሽ። አንድ ጀሪካን ውኃ ከወንዙ እስከ ቤቴ አንዴ ብቻ አርፌ አደርሳለሁ። ጠዋት ከሆነ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ጎጆዬን ራሴ እከድናለሁ፤ ዘንድሮ መሰላሉን የያዘልኝ ሰው አለ፣ ግን እሱ የያዘው ሳልጠራው መጥቶ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ዳዊት በትልቁ ከተጻፈ አነባለሁ። ሚስቴ ያለምወርቅ ነፍሷን ይማርና ከሞተች ወዲህ ልብሴን ያጠበልኝ ሰው የለም፤ ራሴ አጥባለሁ። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ። አስተማሪው ታከለ «አባባ፣ እኔ ልጻፍልዎት» ብሎኝ ነበር። የኔን ነገር በሰው እጅ አላስነካም አልኩት። አንዲቷ ገጽ ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። ፈጅታስ፤ ምን አጣደፈኝ።

እህትሽ አሰጋሽ ደህና ናት። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ከዶካ ማሳ ትናንት ተመለሰች። ጠቁራለች እንጂ አልከሳችም። አምስት ዓመት ሆነው፣ ወደ ሱዳን ስንሻገር እጇን እጄ ላይ አስቀምጠሽ «አያ፣ አደራ» ያልሽኝ። አልረሳሁም። ከኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች፤ አፏ ያንቺው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንዙን እዚህ አትባራ ይሉታል፤ እኔ ጓንግ ነው የምለው። ስሙን ስለለወጡት ሌላ ወንዝ አይሆንም። ከታኅሣሥ በኋላ ውኃው አሸዋው ስር ይገባል፤ እኛም አሸዋውን ቆፍረን እናወጣለን። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ወደ ታች ምን ያህል ቆፍረን ውኃ እንዳገኘን በሽመሌ ላይ በቢላ ምልክት አደርጋለሁ። ሽመሉን አጠገቤ ሳቆመው የመጀመሪያው ዓመት ምልክት ጉልበቴ ላይ ነው። የሁለተኛው ወገቤ ላይ። የሦስተኛው ደረቴ ላይ። ያምናው አገጬ ላይ ነው። ለማንም አላሳየሁትም፤ ሰው ይደነግጣል።

ከገዳሪፍ ሰዎች ሊመጡ ነው። ወንዙን ከነገባር ወንዞቹ መርምረው የቱ ሰፈር ቶሎ እንደሚጠማ ሊጽፉ ነው አሉ። እዚህ ወንዝ ዳር ላለነው ለሦስቱ ሰፈር አንድ ዶንኪ ይቆፈራል። ዶንኪ ማለት ከምድር ሆድ ውኃ የሚስብ ሞተር ነው። ለባሰበት ሰፈር ይሰጣል።

ካንቺ ብርም ልብስም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እዪልኝ። እመሻገሪያው ላይ ጉማሬ የሚመስለው ድንጋይ አለ አይደል? አባቴ በገና ዕለት ውኃው የጉማሬውን ሆድ ከነካ በጋው ደህና ነው ይል ነበር። የት እንደደረሰ ጻፊልኝ። ከላይ ያየሽውን ካወቅሁ የታቹን እኔ አውቀዋለሁ።

አጎትሽ ታምሬ ውበቱ


ጓንግ መሻገሪያ
ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ሁልጊዜ ለምናፍቅዎት ለአያ ታምሬ፤ ከእግርዎ ስር ሆኜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ ሁላችንም አለን። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ደብዳቤዎን ነጋዴው ሙሐመድኑር ከሳሙና ካርቶን ስር አውጥቶ የሰጠኝ በገና ዋዜማ ነው። እንዳይረሱ፣ ከሱ ሱቅ በቀር በሌላ መንገድ አይላኩብኝ። ጋላባት ላይ ለሱ ከሰጡት ይደርሰኛል፤ በሌላ በኩል ከመጣ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም። ገበሬ ማኅበሩ «ሱዳን ዘመድ ያለው ማነው» እያለ ስም ይመዘግባል። እኔ የለኝም ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ድንጋዩን በገና ዕለት ሄጄ አየሁት። አያ፣ ጉማሬው ሆዱ ብቻ አይደለም፣ እግሮቹም ወጥተዋል። ትንሹ ልጄ ጫማውን ሳያወልቅ ተሻገረ። እኔ እዚህ ተወልጄ እንዲህ አይቼ አላውቅም።

ምክንያቱን ያውቁታል ብዬ እጽፋለሁ። እናንተ ከተሻገራችሁ በኋላ ከላይ በኩል ሰፈራ መጣ። ሰዎቹ ምን ያድርጉ፣ በካሚዮን ተጭነው መጥተው ደን ውስጥ ተራገፉ፤ ለቤትም ለማገዶም ቆረጡት። ሾላው ሁሉ የለም። ያ ምንጩ የሚወጣበት ዋርካ ጉቶ ሆኗል። ክረምት ሲመጣ ውኃው እንደ ጭቃ ሆኖ በሁለት ቀን ጠራርጎ ይሄዳል፤ የሚያስቀረው ነገር የለም። በተረፈው ላይ ደግሞ የመንግሥት እርሻው ሞተር ተክሏል።

እኛም ዘንድ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ቀይና ነጭ የተቀባ ብረት ወንዙ መሃል ተከሉ። አንዱን «ምን ልታደርጉበት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የተፋሰሱ ውኃ ምን ያህል ድርቅ እንደሚቋቋም ልናውቅበት ነው» አለኝ። አሁን ብረቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሟል። ፍየሎች ይታከኩበታል።

ስለዚህ አያ፣ እነዚያ ሰዎች ሲመጡ ሽመሉን ያሳዩዋቸው። ምንም አያስውቡላቸው። ይህን የምጽፈው እርስዎን ስለማውቅዎት ነው። የተራበ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንደ ጠገበ ጥርስዎን የሚጎረጉሩ ሰው ነዎት።

ለአሰጋሽ የጸጉር ቅቤ በጣሳ ልኬያለሁ። በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። ደህና ናት የሚል ወሬ ከእርስዎ ብቻ መስማት አልበቃኝም።

ልጅዎ ኮከብ


ጓንግ ዳር
የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ፣ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ ጥላሽ አይጉደል።

ሰዎቹ መጥተው ሄዱ። በክብር ተቀብለን በክብር ሸኘናቸው። ከሌላ ሰው ከመስማትሽ በፊት ከኔ ስሚ።

ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሰፈሩን ሰበሰብኩ። እንዲህ አልኳቸው፤ ከኛ በታች ባለው ሰፈር ሲደርሱ ሴቶቹ ባዶ እንስራ እየደበደቡ አለቀሱባቸው አሉ። ሙፈቲሿ፣ መርማሪዋ፣ ከንፈሯን መጠጠች አሉ። እኛ አገር ያለን ሰዎች ነን። እደጄ የመጣ እንግዳ አቧራውን ሳይታጠብ፣ ቀዝቃዛ ሳይጠጣ አይሄድም። ከየቤቱ ውኃ አበድሩኝ፤ ራሴ እመልሳለሁ።

አሰጋሽ ከኋላ ቆማ፣ «አያ፣ ሰዎቹ ሊያዩ የሚመጡት እኮ ጥማታችንን ነው!» አለች።

«ጥማቴን ለባዳ አላሳይም» አልኳት።

«እንግዲያው ምን ሊያዩ ይምጡ? ጢምዎን?»

ሰው ሳቀ። ቢሆንም ሁሉም ሰጠ። የዕድሜ ነገር አለ፣ እኔን እምቢ የሚል አልተገኘም። ሦስት ቀን አሸዋውን ሲጭሩ ከርመው ሠላሳ አንድ እንስራና ጀሪካን ግቢዬ ተደረደረ። በቅጠል ከደንኩት። ሲታይ ያምር ነበር፣ አልዋሽሽም።

የመጡት ሦስት ናቸው። ወረቀቱን የያዘችው ኢንቲሳር የምትባል ልጅ እግር ሱዳናዊት ናት፤ ካንቺ አትበልጥም። አንድ ሐዋጃ ነበር፣ ፀሐይ ያቃጠለው ፈረንጅ። ሾፌሩ አሊ ጋላባት ስላደገ አማርኛ ያውቃል፣ እሱ አስተረጎመ። እግራቸውን አስታጠብኩ። ከርከዴ፣ ቀዩ የአበባ መጠጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ቀረበ። ሐዋጃው ሁለት ጠጣ።

ልጅቱ «ያ ሐጅ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» አለች።

«ሐጅ አይደለሁም በላት» አልኩት አሊን።

«ሽማግሌ ማለቷ ነው አባባ።»

«ሽማግሌም አይደለሁም በላት።»

ሳቀችና ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላውቅም። ከዚያ በበጋ ውኃ ከየት ታገኛላችሁ አለች። ከወንዛችን አልኩ። ይበቃችኋል? አለች። እዚህ ላይ አሰጋሽ ዐይኗን ተከለችብኝ። «እንግዳ ማጠብ ያቃተን ዕለት እንነግራችኋለን» አልኩ። አሊ አሳጥሮ ነገራት። ልጅቱ ተነስታ እንስራዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። በሩ ኋላ ሽመሉን አየችው። ምልክቶቹን በጣቷ እየነካች ምንድን ነው አለች።

«በሬ የሸጥኩበት ነው» አልኩ። «በሸጥኩ ቁጥር አንድ ምልክት።»

ሲወጡ ሐዋጃው እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አልተዋረድንም ልጄ። አንቺ ሌላ ታስቢያለሽ፤ እኔ ግን ዕውነተኛ ችግርን የሚያውቅ ሰው ሳይነገረውም ያያል ብዬ ነው። ወንዙ ደርቆ እያየው ሄዷል፤ ዐይን የለውም?

አጎትሽ ታምሬ

*እህቴ ኮከብ፣ ይቺን እኔ አሰጋሽ ነኝ የምጽፋት። አያ ወረቀቱን ሊዘጋ ሲል ቀምቼው ነው። ቅቤሽ ደረሰኝ፤ እንዴት እንደሸተተኝ! አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ተቀብቼ ሹሩባ ተሠራሁ። ጣሳውን አልጣልኩትም፣ ቅቤውን የምታጠብበትን ውኃ ለአምስት ቀን በትንሽ በትንሹ አጠራቅሜበት ነበር። ያቺንም አያ ለእንግዶቹ ወሰዳት! «ትመለስልሻለች» አለኝ። ሐዋጃው እግሩን በሷ ሳይታጠብ አልቀረም። አሁን ጸጉሬ ላይ ያለ ቅቤ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ እንደ አህያ ጀርባ ሆኛለሁ። ሳቂ እንጂ አትቆጪ። አያን አትቆጪው፣ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ያወራል። ዶንኪው ለኛ ከመጣ ጸጉሬን ሦስቴ ነው የምታጠበው። ስምሽ ከአፌ አይለይም። አሰጋሽ።*


ጓንግ መሻገሪያ
መጋቢት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

አያ ታምሬ፣ እንደምን አሉ። ፈጣሪ ይጠብቅዎ።

ብዙ ጻፍኩና ቀደድኩት። ለታላቅ የማይባል ነገር ነበረበት።

ይህን ብቻ ልበል። ዐይን አላቸው ብለዋል። አዎ አላቸው፤ ሠላሳ አንድ እንስራ ሙሉ ውኃ አዩ። ሰው የሚጽፈው ያየውን ነው። ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ሎሪ አይጠፋም። ሽመሉን ይዘው ይሂዱና ለዚያች ልጅ «ያን ቀን ዋሽቻለሁ» ይበሏት። ጊዜው ሳያልፍ። እለምንዎታለሁ፣ እግርዎን ስሜ እለምንዎታለሁ።

አሰጋሽን ይሳሙልኝ። ጽሕፈቷን ትራሴ ስር አድርጌዋለሁ።

ኮከብ


ጓንግ ዳር
ሚያዝያ 7 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ፣ ያባትሽ አምላክ በቤትሽ ይግባ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልትሳደቢ ፈልገሽ መተውሽን ወድጄዋለሁ።

ገዳሪፍ ልሄድ ተነስቼ ነበር። እንዳልሄድኩ አታስቢ። ዶካ ደርሼ ሎሪ ስጠብቅ አሊን አገኘሁት። «አባባ፣ ወዴት?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ዶንኪው ለታችኛው ሰፈር እንደተሰጠ፣ የብረት ቱቦው ጭምር እንደተራገፈ ነገረኝ። በወረቀቱ ላይ የኛ ሰፈር «ውኃ የሚበቃው» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ዶንኪ መቼ ይመጣል ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌላ ጥናት ሲጠና» አለኝ። ሻይ ጋበዘኝ፤ አልጠጣሁም። ሽመሌን ይዤ ተመለስኩ።

ዘንድሮ ሽመሉ አልበቃም። ጉድጓዱ ከራሴ በላይ ሆኗል። ጫፉ ላይ ምልክት የማደርግበት ቦታ ስለሌለ ምንም አላደረግሁም። አሸዋው ደረቅ ስለሆነ ከዳር ከዳር ይንዳል፤ የዱራ አገዳ እያሰርን ጎን ጎኑን እንደግፋለን። እንስራዎቹን ለየቤቱ እመልሳለሁ ብያለሁና ከሌላው ሰው ቀድሜ የምቆፍረው እኔ ነኝ። እስካሁን አንድም አልመለስኩም። የሚገኘው ለዕለቱም አይደርስ።

ሰው አይሰድበኝም። ይሄ ነው የከፋው። አንዲት እናኑ የምትባል ጎረቤት ብቻ ባለፍኩ ቁጥር፣ «አያ ታምሬ፣ ዛሬስ እንግዳ የለም?» ትላለች። የሷን አልቀየምም። አምስት ልጅ አላት።

አሰጋሽ እኔ ልውረድ፣ እኔ ልውረድ ትላለች። እምቢ ብያታለሁ። የኔን ዕዳ ራሴ ነኝ የምቆፍረው።

ታምሬ


ጓንግ መሻገሪያ
ሚያዝያ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

አያ ታምሬ፣ ሰላምዎ ይብዛ።

ዛሬ ሙሐመድኑር መንገደኛ ስለሆነ ቸኩዬ ነው። የሆነው ሆኗል፤ ስለ ዶንኪው ከእንግዲህ አልናገርም። እዚህም ጉማሬው ደርቆ ልጆች እየወጡበት ይንሸራተታሉ።

አንድ ነገር ብቻ። አሰጋሽ ጉድጓድ እንዳትወርድ። ሌላ ሰው ይውረድ፣ ወይ ማንም አይውረድ፣ ውኃ በአህያ ከሩቅ ይምጣ። እርስዎም አይውረዱ። ግን እሷን፣ አያ፣ ይከልክሏት። እርስዎ ሲደክምዎ ዝም ብላ የምታይ ልጅ አይደለችም።

ሌላ ቅቤ በዚያው ሰው ልኬያለሁ።

ኮከብ


ጓንግ ዳር
ግንቦት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ፣ እንደምን ነሽ? በጣም እንደምን ነሽ?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቅቤውም ደርሷል። እኔ አለሁ። ሙቀቱ በርትቷል። አንዳንድ ቀን ደመና ይታያል።

ለጉዳይ ስለምፈልገው የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ቤትሽ አጠገብ የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች እነማን ናቸው? ያገራችን ቄስ በሕይወት አሉ? ባልሽ ማታ ማታ እቤት ነው ወይስ እርሻ ያድራል? ሦስት የሽማግሌ ስም ብትልኪልኝ ይበቃኛል። ጠዋት በጊዜ የሚነሱ ቢሆኑ።

እህል ብይ። ራስሽን ጠብቂ።

አጎትሽ


ጓንግ መሻገሪያ
ሰኔ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

አያ ታምሬ፤

ለጠየቁኝ መልሱ ይሄውልዎ። ቄስ አንዳርጋቸው አሉ፣ ዐይናቸው ደክሟል እንጂ በእግራቸው ይሄዳሉ። ከኛ በላይ አያ ካሣ አሉ። ከታች እማማ ቱርካ አሉ፣ የሰፈሩ ለቅሶ ያለሳቸው አይነሳም። ባሌ እቤት ነው የሚያድረው።

እስከዚህ ድረስ ጻፍኩ፤ ዘመድ ሊልኩብኝ ወይ ለጠበል የሚሆን ብር ሊሰጡ ነው ብዬ። እማማ ቱርካን ስጽፍ ነው እጄ የቆመው።

አያ፣ እኔም ያገሩ ልጅ ነኝ። ሽማግሌ ማለዳ የሚላክበትን ነገር አውቃለሁ። ደብዳቤውን ደግሜ አየሁት። የአሰጋሽ ስም የለበትም። ለስድስት ወር ስሟን ሳያነሱ የዘጉት ወረቀት የለም።

እንግዲህ ልመናዬን ይስሙ። ሰዎቹን አይላኩብኝ። በሬን አንኳኩተው፣ በግራና በቀኝ ይዘውኝ፣ ከሌላ አፍ እንድሰማው አልፈልግም። እርስዎ ሁሉን ራሴ ነኝ የምሠራው ይላሉ። ጎጆዎን ራስዎ ይከድናሉ፣ ጢምዎን ራስዎ ይላጫሉ፣ የኔን ነገር በሰው እጅ አላስነካም ይላሉ። ይሄንንም ራስዎ ይጻፉት።

እስኪጽፉልኝ ድረስ ለማንም አልነግርም፤ አላለቅስምም። ነጠላዬን ሳልዘቀዝቅ እንደለበስኩ አለሁ። ወንፊት ይዤ እህል እነፋለሁ። ይፍጠኑ።

ኮከብ


ጓንግ ዳር
ሰኔ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ። ሰላምታ የማስቀድምበት አፍ የለኝም።

ሰባት ቀን ጽፌ ሰባት ቀን አቃጠልኩት። ታከለ ልጻፍልዎት አለኝ፤ በዐይኔ ብቻ አይቼው ተመለሰ። አሁን የመጣልኝን እጽፋለሁ፤ እንዳለ ተቀበይኝ።

አሰጋሽ ሞታለች። የጊዮርጊስ ማግስት፣ ሚያዝያ 24 ቀን። አትውረድ ብለሽ የጻፍሽበትን ቀን ወረቀትሽ ላይ አየሁት። ያው ቀን ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ጉድጓዱ ውስጥ የወረድኩት እኔ ነበርኩ። ትንሽ እንደቆፈርኩ ጉልበቴ ከዳኝ። መውጣት አቃተኝ። ገመድ ወረወረችልኝ፤ ወገቤ ላይ አሰርኩት፤ እየሳቀች፣ እየተንፈራገጥኩ፣ ጎትታ አወጣችኝ። አሸዋው ላይ ተዘርሬ ሳለሁ፣ «አያ፣ እርስዎን ከማወጣ ውኃ ባወጣ ይቀለኛል» አለችኝ። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች። አትውረጂ አላልኳትም። ኮከብ፣ ይሄን ደግመሽ አንብቢው። አትውረጂ አላልኳትም። ደክሞኝ ነበር።

ሁለት ባልዲ አሸዋ ሰጠችኝ። ሦስተኛውን ስጎትት ገመዱ ብቻውን ቀልሎ መጣ። ጎርፍ ሲመጣ ይጮኻል፣ ግድግዳም ሲናድ ይጮኻል። አሸዋው ግን ምንም አላለም። ጎንበስ ስል ጉድጓድ የለም።

ሰፈሩ ሁሉ በእጁ ቆፈረ። እናኑ ጥፍሯ እስኪደማ ቆፈረች። ስናወጣት ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ከእግሯ ስር እርጥብ ነበር። ውኃው ላይ ደርሳ ነበር።

ለግንዘት የምናጥብበት ውኃ አልነበረንም። እናኑ ሄዳ ለልጆቿ ያስቀረችውን ግማሽ ጀሪካን አመጣች። እመልስልሻለሁ ስላት፣ «ይሄን አትመልስልኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እንግዳ አንስታ አታውቅም። አሰጋሽ ከያለምወርቅ አጠገብ አረፈች። ሹሩባዋን አልፈታነውም፣ ቅቤው አለበት። ሁለተኛው ቅቤሽ ከቀብሩ በኋላ ነው የደረሰው፤ አልከፈትኩትም።

በዚህ ሳምንት ወንዙ መጣ። ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ። ጉድጓዳችን የት እንደነበር አሁን መለየት አይቻልም። ያችን ልጅ የገደለ አሸዋ በላዩ ሁለት ሰው የሚያሰጥም ውኃ ይሄድበታል፤ ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ አይኖርም። ያንቺን ወገን አፈር ነው ይዞ የሚያልፈው። እጄን ነክሬ አየሁት፣ ጣቴን አላሳየኝም።

ሰው ሁሉ እንስራውን ሞልቷል። እኔ ግን ለማንም አልመለስኩም። የሰጡኝ የየካቲት ውኃ ነው። በሰኔ ጎርፍ የየካቲት ውኃ አይከፈልም። ስለዚህ እስከ የካቲት መኖር አለብኝ። አሁን መሰላል ላይ አልወጣም። ጀሪካኑን ከወንዝ ሳመጣ አራቴ አርፋለሁ። መርፌው አይታየኝም። ቢሆንም ራሴ የምከፍለውን ጽፌ ማስቀመጥ አለብኝ፤ ብቀርም አንቺ ዘንድ ይገኝ።

ገዳሪፍ ላለችው ለኢንቲሳር፣ አንድ ዕውነት። መንገዱ ደርቆ ሎሪ ሲጀምር ሽመሉን ይዤ ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣለሁ። በሬ ሸጬ አላውቅም እላታለሁ። ዶንኪው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ዕዳ ስለሆነ ነው።

ላንቺ፣ አደራ። ይህ የማይከፈል ነው፤ ከዝርዝሩ ግን አላወጣሁትም።

ለታከለ አንድ ጀሪካን።

ለሙሉዬ ሁለት እንስራ፤ አንደኛው ለአራስ ልጇ የተቀመጠ ነበር።

ከዶካ መጥታ ሻይ ለምትሸጠው ለጠይባ ግማሽ ጀሪካን፤ ያን ቀን ሻይ ሳትሸጥ ዋለች።

ለእናኑ ሁለት እንስራ። መልስ የከለከለችኝን ግማሽ ጀሪካን አልቆጠርኩትም፤ ግን አውቀዋለሁ።

ለቀሩት ሃያ አምስት እንስራና ጀሪካን የሰጠው የየቤቱ ስም በሽመሉ ጀርባ ላይ ተቀርጿል።

ለአሰጋሽ አንድ ጣሳ፣ ጸጉሯን ልትታጠብበት በአምስት ቀን ያጠራቀመችው። ጣሳው እዚህ አልጋዬ ስር አለ። ባዶ ነው።